እንዶድ የተወቀጠ ዕለት

በእኛ ቤት የልብስ ማጠቢያ ቀን መድረሱ የሚታወቀው በማስነጠስ ነበር። እናቴ ሙቀጫውን ከማጀት አውጥታ ደጃፍ ላይ ትተክልና የደረቀውን እንዶድ ትጨምርበታለች። ዘነዘናው ገና ሦስት አራት ጊዜ ሳይወርድ መጀመሪያ እሷ ታስነጥሳለች፣ ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ ጥግ ይዛ ጥጥ የምትፈትለው አያቴ። ድመቷ ሳትቀር ግቢውን ለቃ ትሄዳለች። «አፍንጫሽን ሸፍኚ አላልኩሽም?» ትለኛለች እናቴ፣ የራሷን አፍና አፍንጫ በነጠላዋ ጫፍ እንደጠቀለለች። መሸፈኑ ግን ብዙም አይረዳም። በተለይ የተወቀጠው በወንፊት ሲነፋ ዱቄቱ ዐይንንም ይለበልባል። ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን በየማስነጠሳችን «ይማርሽ! ይማርሽ!» ሲሉ ቆይተው ሲሰለቻቸው «ኧረ ሁላችሁንም አንድ ላይ ይማራችሁ!» ብለው ይዘጉታል።

ይህ የሆነው በ1960ዎቹ፣ ጎንደር ነው። የልብስ ሳሙና ሱቅ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ አልነበረም አልልም። ካኪ ሱሪ፣ የትምህርት ቤት ልብስ፣ የአባቴ ሸሚዝ በሳሙና ይታጠባል። የሀገር ልብስ ግን፣ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ፣ ከእንዶድ ሌላ አይነካውም። እናቴ ሳሙና ጥለቱን ያደበዝዛል፣ ፈትሉንም ያሳሳል የሚል የማይነቃነቅ እምነት ነበራት።

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ፣ በየአጥሩና በየወንዙ ዳር የሚበቅል፣ ሐረግነት ያለው ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በዘለላ ይንጠለጠላል፤ ሳይበስል አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ወደ ቀይ ይሄዳል። ለማጠቢያ የሚለቀመው ሳይቀላ ነው። «ከቀላማ የወፍ ነው» ትል ነበር አያቴ። ኋላ ተመራማሪዎች ያረጋገጡትም ይህንኑ ነው፦ ፍሬው ኃይሉ የሚበረታው አድጎ ሲያበቃ፣ ግን ገና ሳይበስል ነው። የጎረቤታችንን አጥር የወረሰ አንድ ትልቅ እንዶድ ነበር። በየዓመቱ ያብባል፣ አንድም ጊዜ አያፈራም። «ወንድ ነው እኮ፣ ምን ይሁን!» እያሉ ሴቶቹ ይስቁበታል። ሣቁ ለቀልድ ይሁን እንጂ ነገሩ እውነት ነው፤ እንዶድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ተክል ነው። የሚያፈራው ሴቱ ብቻ ነው።

ከማጠቢያ ቀኖች ሁሉ የሚከብደው የጥምቀት ዋዜማ ሳምንት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት ሀገር፣ ያውም ጎንደር፣ ነጭ ያልለበሰ ሰው ከቤት አይወጣም። በዓሉ የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በሚጠለፍ ውኃ ነው፤ እኛም የምናጥበው እዚያው ቀሃ ነበር። ከሠፈራችን የማይወርድ ሰው አልነበረም። ሴቶች ልብሱን በአንሶላ ቋጥረው በጀርባቸው፣ ልጃገረዶች የእንዶዱን ዱቄት በቅል ይዘው፣ እኛ ልጆች ደግሞ ዳቦ ቆሎና ጠላ ተሸክመን እንወርዳለን። ማለዳ ያልደረሰ ጥሩ ድንጋይ አያገኝም። ጥሩ ድንጋይ ሰፊ ነው፣ ወለል ያለ ነው፣ መሐሉ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ውኃ ይይዛል። እናቴ የምትወደው ድንጋይ ነበራት፤ ሌላ ሴት ቀድማት ይዛው ካገኘች ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም።

ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። እጅ ሲገባበት አረፋ ይነሳል፤ እንደ ዛሬው ኦሞ የሚገነፍል አይደለም፣ ደቀቅ ያለ፣ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ። ጋቢው በዚያ ይዘፈዘፍና ጎድጓዳው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ እግር ይታጠባል፣ ቀሚስ ወደ ላይ ይታጠቃል፣ መርገጥ ይጀመራል። አራት ድርብ ጋቢ ውኃ ከጠጣ በኋላ በእጅ የሚነሳ ነገር አይደለም፤ ማሸት ሳይሆን መርገጥ ነው ያለው። ሁለት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጣሉ፣ ወሬው ይደራል። ማን እንደታጨ፣ የማን ባል እንደጠፋ፣ የትኛው ቄስ ከየትኛው ደብር እንደተጣላ የሰማሁት ሁሉ ከዚያ ድንጋይ ሥር ተቀምጬ ነው። እኛንም ነጠላ ያስረግጡን ነበር፤ ለጨዋታ ይመስለናል እንጂ ሥራ ነው።

መርገጡ ሲያልቅ ማለቅለቅ ይመጣል። በእውነቱ የእናቴ ጥብቅነት ያለው እዚህ ላይ ነበር። አንድ ልብስ ከሦስት ውኃ በታች አይለቀለቅም። መጀመሪያ ወራጁ ውስጥ ተዘርግቶ ይነከራል፣ ይጨመቃል። ደግሞ ይነከራል፣ ደግሞ ይጨመቃል። በመጨረሻ ጫፉን ይዛ ወደ ወንዙ ትለቀውና ውኃው ራሱ እንዲያጥበው ትተወዋለች፤ ነጠላው በቀሃ ላይ ተንሳፍፎ ጥለቱ ሲወዛወዝ እሷ ቆማ ትመለከታለች። የሚወርደው ውኃ ከላይ ከሚመጣው ጋር አንድ ዓይነት ካልጠራ አታወጣውም። ታናሽ ወንድሜ ክርኑና ከጉልበቱ ጀርባ ላይ ችፌ ነበረበት፤ ሲያከው ያድርና ጠዋት ደም ይታይበታል። የእሱ ልብስ ብቻውን፣ ከሁሉ በፊት ይታጠባል፤ ከሦስቱ ውኃ ላይ አራተኛ ይጨመርለታል። «የዚህ ልጅ ገላ ቂም ይይዛል» ትላለች እናቴ።

ከዚያ ፀሐይ። ልብሱ ሣሩና ቁጥቋጦው ላይ ይሰጣል፤ ከላይ ከመንገዱ ለሚያይ ሰው የቀሃ ዳር ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። የዚያን ጊዜው ነጭ ከአሁኑ ነጭ ይለያል። የዛሬ የዱቄት ሳሙናዎች ውስጥ ዐይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ መልሶ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ ቅመም አለ፤ ልብሱ ነጭ የሚመስለው ለዚህ ነው። የእንዶድ ነጭ የወተት ነጭ ነው፣ ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያጋድል፣ የጥጡ የራሱ። ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡልኝ ወጣቶቹ የእናቴን ነጠላ «አልጠራም» እንደሚሉ አልጠራጠርም።

ስለ ወንዙ አንድ ሕግ ነበር፤ የጻፈው የለም ግን ሁሉም ያውቀዋል። በእንዶድ የሚያጥቡ ከብት ከሚጠጣበት በታች ይወርዳሉ። እረኛ ከብቱን ይዞ መጥቶ ከላይ አረፋ ካየ አካባቢውን በጩኸት ያቀልጠዋል። እንዶድ መርዝነት አለው፤ ከአረፋው በታች ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲንሳፈፉ እኛ ልጆች በእንጨት እንቆሰቁሳቸው ነበር። ዛሬ «የተፈጥሮ ነው» ሲባል ምንም እንደማይጎዳ አድርገው ለሚያወሩ ሰዎች ይህን ዓሣ ባሳየኋቸው እላለሁ።

ዓሣውን ያየነው ብዙዎች ነን፤ ቀንድ አውጣውን ያየ ግን አንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካ ትምህርቱን ጨርሶ እንደተመለሰ ዐድዋ ወርዶ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ያጠና ነበር። ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው፣ ከላይ ደግሞ በሕይወት ሆነው አገኛቸው። ከዚያ የተነሳው ምርምር ዓመታት ፈጀ። በዐድዋ በተካሄደ የአምስት ዓመት ሙከራ ወንዙ በእንዶድ ሲታከም በትንንሾቹ ልጆች ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂው ተቋም በእሱ ስም ይጠራል። ነገሩ ግን የሚያስቆጭም ጎን አለው። በሀገር ውስጥ የተሠራው ጥናት በውጭ ቤተ ሙከራ ካልተደገመ አይታመንም እየተባለ ሥራው ተጓተተ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለበሶችን በእንዶድ መግደልን በፓተንት አስመዘገበ፤ ባለቤትነቱ የማን ነው የሚል ሙግትም ተነሳ። እናቴ ይህን ብትሰማ ኖሮ፣ ዛጎል ለበስ ለመግደል ወረቀት ማስመዝገብ ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር።

እንዶዱ ከቤታችን የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የወጡት ጋቢዎቹ ናቸው፤ ብርድ ልብስ መጣ። ቀጥሎ የቧንቧ ውኃ ግቢ ገባና ቀሃ መውረዱ ቀረ። ግቢ ውስጥ በሳፋ የሚያጥብ ሰው ደግሞ እንዶድ ወቅጦ ነፍቶ ከሚደክም ሳሙና ይቀለዋል። በደርግ ዘመን ሳሙና በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በተራና በልክ የሚታደል ሲሆን እንዶድ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ነበር፤ አያቴ በደስታ «ነግሬያችሁ አልነበር!» ትል ነበር። ያ ዘመን አልፎ ሱቅ ሲሞላ ዱቄቱ ሳሙና ሁሉ ኦሞ ተባለ፣ ፈሳሹ ሁሉ ላርጎ ተባለ፣ በረኪናውም ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ እንዶድን የሚያውቀው በመድኃኒትነቱ ወይም በስሙ ብቻ ነው።

እኔም ረስቼው ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ ረጅም ጊዜዬ ነው። ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ ገላ ነው። ልክ እንደ ወንድሜ፣ ክርኗና ከጉልበቷ ጀርባ። ሌሊት ስታክ እናቷ አብራት ትነቃለች፤ የተወሰኑ ቀኖች የአንገትጌዋ ዙሪያ በሙሉ ይቀላ ነበር። የቆዳ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድናት። ቅባትና የቆዳ ማለስለሻ ካዘዘ በኋላ ስለ ልብሷ ጠየቀን። ሽቶ ያለው ሳሙና አይሁን፤ የልብስ ማለስለሻ ተብሎ ከእጥበት በኋላ የሚጨመረው ጨርሶ ይቅር፤ ዱቄቱ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አይብዛ፤ ከሁሉም በላይ በደንብ ይለቅለቅ፤ አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አትልበስ። ቆዳዋን የሚያስቆጣው ብዙውን ጊዜ ልብሱ ላይ የቀረው ሳሙና ነው አለን። እናቴን ያገኘሁ መሰለኝ።

ልጄ ዘመናዊ ናትና ነገሩን በአንዴ አልተወችውም። ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጣች፤ ጥሩ ነበር፣ ዋጋው ግን አያስደፍርም። በእጅ የተሠራ የወይራ ዘይት ሳሙና ፈቅፍቃ ሞከረች። ደረቅ ሳሙና ለልብስ ያለው ችግር ማዕድን የበዛበት ውኃ ውስጥ ሲገባ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ጨርቁ ላይ መቅረቱ ነው፤ የልጅቷ ፒጃማ ደረቅና ሻካራ ሆነ። ነጭ ኮምጣጤ በመጨረሻው ውኃ ላይ ትንሽ መጨመር ይህን ዝቃጭ ያነሳል፤ ይኸኛው ሠራልን፣ ሽታውም ሲደርቅ ይጠፋል። ቤኪንግ ሶዳ የሚሉትን አልወደድኩትም፤ ሽታ ያጠፋ ይሆናል እንጂ ቅባት አያነሳም። ቀጥሎ የሕንድ የሳሙና ፍሬ መጣ፤ ሕንዶች ሪታ የሚሉት፣ የደረቀ ልጣጩ በትንሽ ከረጢት ታስሮ ከልብሱ ጋር ማሽን ውስጥ የሚገባ። ጎንደር ሳለን ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዶች ትዝ አሉኝ፤ እነሱ ይህን ፍሬ ሲያውቁ፣ እኛ እንዶድን ስናውቅ፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንነግር ኖረናል። የሚያጥበው ሁለቱም ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ነው፤ በአንድ ወገኑ ውኃ፣ በሌላ ወገኑ ቅባት ይይዝና እድፉን ከጨርቁ ይነጥላል። ሪታው ላብና አቧራ በደንብ ያነሳል፤ የሹሮ ጠብታና የሕፃን ምግብ ግን አይችለውም።

«እንግዲህ የራሳችን እያለ የሕንድ ምን ሊሠራልን ነው?» ብዬ መርካቶ ወረድኩ። የባህል መድኃኒት ከሚሸጡት ዘንድ የደረቀ እንዶድ አገኘሁ። ሻጭዋ ወጣት ናት። «ለምንድነው፣ እናቴ?» አለችኝ። «ለልብስ» ብላት በጥርጣሬ አየችኝ፤ ሌላ ነገር አስባ መሆኑ ገባኝ። እንዶድ በአፍ የሚወሰድ ነገር አይደለም፣ ሰው ይገድላል፤ ጥርጣሬዋ ተገቢ ነበር።

የልጅ ልጄ ቤት በሌለችበት ቀን በረንዳ ላይ ወቀጥኩት። ማስነጠሱ እንደነበረ ነው፤ ሃምሳ ዓመት አላለዘበውም። ማሽን ውስጥ አልከተትኩትም። ዱቄቱን በሳፋ በጥብጬ በንጹሕ ሻሽ አጠለልኩት፤ ፍርፋሪው ልብስ ላይ ተጣብቆ ቢቀር ለሚቆጣ ገላ እሳት ነው። መጀመሪያ የራሴን ነጠላ አጠብኩበት፣ ለብሼ አየሁት፤ ከዚያ የልጅቷን አንድ ቀሚስ። ጥሩ አጠበ። ሽታው ሣር ሣር የሚል፣ የማይጎዳ ነው። ልጅቷም አላከከችም። ከዚያ ግን አልቀጠልኩም፤ ምክንያቴም ሁለት ነው። ዱቄቱ ብናኝ ሆኖ ቤት ውስጥ ቢቀር እንዲህ ያለ ገላ፣ ምናልባትም እንዲህ ያለ ሳንባ ላለው ልጅ አይበጅም። ሌላው ደግሞ እጣቢው የሚሄድበት ነው። ቀሃ ወራጅ ነበር፣ ሴቶቹም ከከብቱ በታች ይወርዱ ነበር፤ የእኛ ቱቦ የት እንደሚወርድ፣ ማን ከታቹ ውኃ እንደሚቀዳ እኔ አላውቅም።

በሽታው ቀነሰላት። እንዶዱ ነው፣ ሪታው ነው፣ ኮምጣጤው ነው ብዬ ላጋንን አልፈልግም፤ ከሁሉም የበለጠ የረዳት በየማታው ከገላ መታጠብ በኋላ የሚቀባላት ቅባትና የማለቅለቂያው ውኃ ነው ባይ ነኝ። አያቴ እንዶድን ስታወድስ የምትተወው ነገር ነበር፤ ልብሱን ያለሰለሰው ፍሬው ብቻ አልነበረም። የእናቴ እግር ነው፣ የእናቴ ወገብ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚወርድ፣ ማንም ሒሳብ የማይጠይቅበት ወንዝ ነው። ወንድሜን የጠቀመው አራተኛው ውኃ ነው። ስለዚያ ዘመን ሲወራ «ሁሉ ነገር ንጹሕ ነበር» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ረጋጮቹ ውስጥ ያልነበሩ ናቸው። እናቴ ማታ ስትመለስ እግሯ በቀዝቃዛው ውኃ ተጨማድዶ፣ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ቅቤ ትቀባው ነበር። ቧንቧ ግቢ የገባ ዕለት እልል ያለችው እሷ ናት።

አሁን ቤታችን ያለው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ከልኩ በታች። የማሽኑ ተጨማሪ ማለቅለቂያ ሁልጊዜ ይበራል፤ በመጨረሻው ውኃ ኮምጣጤ ይጨመራል። ልብሷ እንደ ወንድሜ ብቻውን፣ ከሁሉ በፊት ይገባል። ችግሩ ሠፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ መሆኑ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ሊመጣ ይችላል፣ ሳምንት ሙሉም ሊቀር ይችላል። ልጄ ሮቶውን የምትሞላው ለእጥበት ነው፤ ድርብ ማለቅለቁ ለልጅቷ ልብስ ብቻ የተፈቀደ ነው። የእኔ ጋቢ ተራው ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ሮቶው ያልቅና ቆጣሪውን እያዳመጥን ሌላ ሌሊት እንጠብቃለን።